ባዶው ሃይላንድ የማን ነው? ተፎካካሪ ድርጅቶች ፕላስቲክን ለማስመለስ የሚተባበሩበት መንገድ

የጥምቀት በዓል አልቆ ታቦታቱ ወደየመንበራቸው ሲመለሱ፣ ከፒያሳ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ምን እንደሚቀር የጎንደር ሰው ያውቀዋል፤ የሸንኮራ ምጣጭ፣ የብስኩት ልባስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባዶ ሃይላንድ። ከፊሉን ገና ሳይመሽ ማዳበሪያ የያዙ ልጆች ይለቅሙታል። ያልተለቀመው በየፈፋው ተሸጉጦ ይቆይና ክረምት ሲገባ ጎርፉ ወደ ቀሃ ያወርደዋል፤ ቀሃም እንደ አንገረብ ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና ይገባል።

ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር። ዛሬ ግን ውሃው የየትኛውም ድርጅት ቢሆን ባዶው ሁሌም ሃይላንድ ነው። ይህ የአጠራር ልማድ የጉዳዩን እምብርት ሳያስበው ይነካዋል። ጠርሙሱ ሙሉ ሳለ ባለቤት፣ ማስታወቂያና ተፎካካሪ አለው፤ ሲጠጣ ግን የሁሉም ጠርሙስ ስም አንድ ይሆናል፣ ባለቤቱም ይጠፋል። ሰሞኑን በየዜናው የሚነሳው «ሰርኩላር ኢኮኖሚ» ስለ ፕላስቲክ ሲነገር፣ በተግባር የሚጠይቀው ለዚያ ባዶ ጠርሙስ እንደገና ባለቤት ማግኘትን ነው። አንድ ድርጅት ብቻውን ባለቤት ሊሆንለት እንደማይችል፣ በገበያ የሚሻሙ ድርጅቶች ለምንና በምን ላይ እንደሚስማሙ እንይ። (እ.ኤ.አ. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ሰርኩላር ኢኮኖሚ ምንድን ነው?

አንዳንዶች «ክብ ኢኮኖሚ»፣ ሌሎች «ዑደታዊ ኢኮኖሚ» ይሉታል። ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ አሠራሩን ማንም ባለሱቅ ያውቀዋል። የለስላሳ ወይም የቢራ አከፋፋይ ባዶ ሳጥን ሳይቀበል ሙሉ ሳጥን አያወርድም፤ ደንበኛም የመስታወት ጠርሙስ ይዞ ወደ ቤቱ ልሂድ ካለ የጠርሙስ ማስያዣ ይከፍላል፣ ጠርሙሱን ሲመልስ ገንዘቡ ይመለስለታል። ከዳሸን ቢራ ፋብሪካ ወጥቶ በፒያሳ የተጠጣ ቢራ ጠርሙሱ ተመልሶ ይታጠባል፣ ይሞላል፣ እንደገና ይወጣል። እቃው መነሻና መድረሻው አንድ ስለሆነ ዑደት ይባላል።

የፕላስቲኩ ጉዞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ጥሬ ዕቃው ይሠራል፣ በመርከብ ይመጣል፣ ጠርሙስ ይሆናል፣ ለአሥር ደቂቃ ውሃ ይይዛል፣ ከዚያ ይጣላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ በስፋት የሚጠቀስ ጥናት እንዳሰላው፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2015 በዓለም ላይ 8.3 ቢሊዮን ቶን ፕላስቲክ የተመረተ ሲሆን፣ ቆሻሻ ከሆነው ውስጥ ተመልሶ ጥቅም ላይ የዋለው 9 በመቶው ብቻ ነው።

ዑደቱን ለመግጠም ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እቃውን እንዳለ ደግሞ መጠቀም ሲሆን፣ ጎንደር በዚህ የምትታማ ከተማ አይደለችም፤ ዘይት የመጣበት ቢጫ ጀሪካን ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን ስንት ዓመት ተሰልፎ እንደሚያገለግል ሁላችንም እናውቃለን። ሁለተኛው እቃውን ፈጭቶና አቅልጦ አዲስ እቃ መሥራት ነው፤ «መልሶ መጠቀም» ወይም «ሪሳይክል» ሲባል በአብዛኛው ይህ ነው የሚታሰበው። የመጀመሪያው ርካሽና የተሻለ ቢሆንም ጭቅጭቁና ወጪው የሚበዛው በሁለተኛው ላይ ስለሆነ፣ የቀረው ጽሑፍም በዚያ ላይ ያዘነብላል።

ፕላስቲክ ሁሉ ያው ፕላስቲክ አይደለም?

አይደለም፤ ስህተቱም በብዛት የሚጀምረው ከዚህ ነው። የውሃ ጠርሙስ ፔት ከሚባል ፕላስቲክ ይሠራል። ክዳኑ ደግሞ ከፖሊኤቲሊን ወይም ከፖሊፕሮፒሊን ነው። ጀሪካን ጠንካራ ፖሊኤቲሊን፣ ፌስታል በአብዛኛው ስስ ፖሊኤቲሊን፣ የጤፍና የስሚንቶ ማዳበሪያ ፖሊፕሮፒሊን ነው። የብስኩት ልባስ የሚያብረቀርቀው በላዩ ላይ ስስ የብረት ቅብ ስላለበት ነው፤ ብዙውን ጊዜም የተለያዩ ፕላስቲኮች ተደራርበው የተጣበቁበት በመሆኑ ለመለያየት ከሚያወጣው ዋጋ የሚያስወጣው ይበልጣል።

እነዚህ አብረው አይቀልጡም። ፔት የሚቀልጠው ወደ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ነው፤ ጠንካራው ፖሊኤቲሊን ግን በ130 ገደማ ይቀልጣል። በጤፍ ገበያ ማኛው ከሰርገኛው ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ማንም ለቅሞ አይጨርሰውም፣ ዋጋውም በሰርገኛው ይተመናል፤ በፕላስቲክም እንደዚያው ነው። ከሁሉም የከፋው ፒቪሲ የሚባለው ነው፤ ለቧንቧ፣ አንዳንዴም ለጠርሙስ መጠቅለያ ይውላል። ፔት በሚቀልጥበት ሙቀት ፒቪሲ ይቃጠልና አሲድ ያወጣል፤ ጥቂቱ ብቻ ከገባ ሙሉውን ያበላሸዋል። በስንዴ መካከል እንክርዳድ ማለት ይህ ነው።

ደግነቱ ተፈጥሮ አንድ ወንፊት ሰጥታናለች። ፔት ከውሃ ስለሚከብድ ይሰጥማል፣ ክዳኑ ግን ይንሳፈፋል። ጠርሙሱን ከነክዳኑ ቆራርጦ ባልዲ ውስጥ የጨመረ ሰው ትልልቅ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበትን ዘዴ በዓይኑ ያያል። ፒቪሲ ግን እንደ ፔት ይሰጥማልና በዚህ ወንፊት አይያዝም።

ጠርሙስ ተመልሶ ጠርሙስ የሚሆነው እንዴት ነው?

ከቅዳሜ ገበያ ብዙም ሳይርቅ ባለ አንድ የቁራሌው ግቢ ውስጥ ሦስት ክምር አየሁ። አንደኛው ጥርት ያለ ነጭ ጠርሙስ፣ ሁለተኛው ሰማያዊ ቢጤ፣ ሦስተኛው አረንጓዴና ሌላ ቀለም ያለው ነበር። በርጩማ ላይ የተቀመጠች ሴት ክዳኑን እየፈታች በአንድ በኩል ትጥላለች፣ ስያሜው የታተመበትን ወረቀት በጥፍሯ ትልጣለች፣ ዘይት የተቀዳበትን አሽትታ ታወጣለች። ወደ ሦስተኛው ክምር ስጠቁማት ቀና እንኳ ሳትል «እሱ ገዥ የለውም፣ ጋሼ፤ ሦስት ወር ሙሉ ቦታ ይዞብን ተቀምጧል» አለችኝ። የዚህችን አጭር ንግግር ምክንያት ለማወቅ ጠርሙሱን እስከ ፋብሪካው መከተል ያስፈልጋል።

የተለየው ጠርሙስ ተጨምቆ በሽቦ ይታሰርና ወደ ፋብሪካ ይሄዳል። እዚያ እንደገና ይለያል፣ ይፈጫል፣ 80 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቅ ውሃና በኮስቲክ ሶዳ ታጥቦ ሙጫና ቆሻሻው ይለቀዋል፣ በገንዳ ውስጥ ክዳኑ ተንሳፍፎ ይለያል፣ ከዚያም ይደርቃል። የሚወጣው እንደ ተከካ ባቄላ ያለ ቁርጥራጭ «ፍሌክ» ይባላል።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ይከፈላል። ቀላሉ መንገድ ፍሌኩን አቅልጦ እንደ ባዘቶ ያለ ጭረት ማውጣት ነው፤ ያ ጭረት ይፈተልና ለብርድ ልብስ፣ ለምንጣፍ፣ ለሹራብ፣ ለትራስ መሙያ ይሆናል። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ሹራቡ ሲያልቅ ተመልሶ ጠርሙስ የሚሆንበት ዕድል እጅግ ጠባብ በመሆኑ፣ ጉዞው አንድ እርከን ወርዶ የሚቆም ነው። አሮጌ ነጠላ ተቀዶ መወልወያ ጨርቅ ሲሆን ከመጣል ተርፏል እንላለን እንጂ ተመልሶ ነጠላ ሆኗል አንልም።

አስቸጋሪው መንገድ ፍሌኩን እንደገና የምግብና የመጠጥ ጠርሙስ ማድረግ ነው። ፕላስቲክ ማለት በጣም ረዣዥም የሞለኪውል ሰንሰለት ነው፤ በቀለጠ ቁጥር ሰንሰለቱ ይበጣጠሳል፣ ያጥራል። ጥጥ የፈተለች እናት እንደምታውቀው ጭረቱ ያጠረ ጥጥ ክሩ አይጠነክርም። ስለዚህ ፋብሪካው ፍሌኩን ወይም ከእሱ የተሠራውን ጥራጥሬ አየር በሌለበት ጋን ውስጥ ሳያቀልጥ ለብዙ ሰዓት በማሞቅ ሰንሰለቱ ተመልሶ እንዲቀጣጠል ያደርጋል፤ በዚሁ ሂደት በፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ የገባ ሽታና ኬሚካልም ይወጣል። ይህን የሚያደርገው መሣሪያ ውድ ነው፤ ውድ መሣሪያ የገዛ ደግሞ በየቀኑ የሚገባለት ንጹሕና አንድ ዓይነት ጠርሙስ ይፈልጋል።

የሴትየዋ መልስ ምክንያቱ እዚህ ላይ ይገለጣል። ነጩ ጠርሙስ ተመልሶ ነጭም፣ ሰማያዊም፣ ጥቁርም ሊሆን ይችላል። አረንጓዴው ግን ከአረንጓዴና ከጥቁር ውጭ የሚሆነው ነገር የለም። አረንጓዴ ቀለሙን የመረጠው የማስታወቂያ ክፍል ኃላፊ ጠርሙሱ በመደርደሪያ ላይ ጎልቶ እንዲታይ አስቦ ነው፤ የዚያ ምርጫ ወጪ ግን የሚታየው በእሱ መዝገብ ላይ ሳይሆን በቁራሌው ግቢ በተከመረው ማዳበሪያ ላይ ነው።

አንድ ድርጅት ብቻውን ለምን አይችልም?

ጠርሙሱ በስንት እጅ እንደሚያልፍ እንቁጠር። ጥሬ ዕቃውን የሚያመርተው ውጭ አገር ያለ የነዳጅ ኬሚካል ፋብሪካ ነው። ጠርሙሱን የሚነፋው ሌላ፣ ውሃውን የሚሞላው ሌላ ወይም ያው፣ የሚያከፋፍለው፣ የሚሸጠው፣ የሚጠጣው፣ የሚለቅመው፣ የሚገዛው ቁራሌው፣ የሚያጓጉዘው፣ የሚፈጨው ሁሉም የየራሱ ሒሳብ አለው። ከእነዚህ አንዱ ብቻ «አያዋጣኝም» ብሎ ቢወጣ ዑደቱ እዚያው ይበጠሳል።

አሁን አንድ የውሃ ፋብሪካ ቅን ሆኖ ተነሳ እንበል። የለቃሚዎችን ክፍያ እደግፋለሁ፣ መጭመቂያ እገዛለሁ፣ ከተመለሰ ፕላስቲክ የተሠራ ጠርሙስ እጠቀማለሁ አለ። ወጪው በአንድ ጠርሙስ ጥቂት ሳንቲም ቢጨምር እንኳ በጅምላ ገበያ ጥቂት ሳንቲም ብዙ ነው፤ ሳንቲሙን ያልጨመረው ጎረቤቱ ደንበኛውን ይወስድበታል። በዚያ ላይ ለቃሚው ልጅ የዚህን ፋብሪካ ጠርሙስ ከሌላው አይለይም፤ ሁሉም ሃይላንድ ነው። ስለዚህ ቅኑ ፋብሪካ በራሱ ገንዘብ የተፎካካሪዎቹንም ቆሻሻ ያነሳል፣ ተፎካካሪዎቹም ምንም ሳይከፍሉ ከተማው ጸዳ ተብሎ ይመሰገናሉ።

ሌላው ቋጠሮ የነዳጅ ዋጋ ነው። አዲሱ ፕላስቲክ ከነዳጅ ስለሚሠራ የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ እሱም ይረክሳል። የመሰብሰብ፣ የማጠብና የመፍጨት ወጪ ግን ነዳጅ ስለረከሰ ያን ያህል አይወርድም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የነዳጅ ገበያ ሲፈርስ አዲስ ፕላስቲክ ከተመለሰው ረክሶ በብዙ አገር መልሶ የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ገዥ አጥተው ነበር። ገዥ ሲጠፋ ቁራሌው የኪሎውን ዋጋ ይቀንሳል፣ ለቃሚው ወደ ብረትና ወደ ጀሪካን ይዞራል፣ ሃይላንዱ በፈፋው ይቀራል። የግማሽ ሊትር ጠርሙስ 15 ግራም ገደማ ይመዝናል ብንል፣ አንድ ኪሎ ለመሙላት 67 ጊዜ ገደማ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል፤ በዚህ ሥራ ላይ የዋጋ ቅናሽ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት የኢኮኖሚ ትምህርት አያስፈልግም።

ታዲያ በምን በምን ላይ ይስማማሉ?

በዓለም ላይ የተሠራባቸው ስምምነቶች ብዙ ቢሆኑም በእኔ ንባብ ዞረው የሚገቡት በሦስት ጉዳይ ነው፤ በጠርሙሱ አሠራር፣ በገንዘቡና በግዢው።

ስለ አሠራሩ የጃፓን ምሳሌ ከሁሉ ይሻላል። የጃፓን የፔት ጠርሙስ አምራቾችና መጠጥ ሞዪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ በፈቃዳቸው የጠርሙስ አሠራር መመሪያ አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ለአገር ውስጥ ገበያ ባለ ቀለም ጠርሙስ ላለመጠቀም ተስማሙ። ማንም ብቻውን ቢሆን አያደርገውም ነበር፤ ቀለም መለያ ነውና። ሁሉም በአንድ ቀን ሲተዉት ግን ማንም አልተጎዳም፤ መለያው በሚላጠው ወረቀት ላይ ቀረ። ኮካ ኮላም ለረጅም ዘመን አረንጓዴ የነበረውን የስፕራይት ጠርሙስ በሰሜን አሜሪካ ወደ ነጭ የቀየረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።

ጀርመኖች ከዚህም አልፈዋል። የማዕድን ውሃ ፋብሪካዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ1969 ሁሉም የሚጠቀሙበት አንድ ዓይነት የ0.7 ሊትር የመስታወት ጠርሙስ አወጡ፤ በላዩ ላይ እንደ ዕንቁ ያሉ ትንንሽ እብጠቶች ስላሉት የዕንቁ ጠርሙስ ይባላል። ጠርሙሱ የሁሉም የጋራ ሲሆን፣ ከሰሜን ጀርመን የመጣ ባዶ በደቡብ ያለ ተፎካካሪ አጥቦ ይሞላዋል፤ የሚለየው የሚለጠፍበት ወረቀት ብቻ ነው። ባዶ ጠርሙስ ወደ መጣበት ፋብሪካ ብቻ ይመለስ ቢባል መኪናው አገር ለአገር በተንከራተተ ነበር። ይህ የፕላስቲክ ታሪክ ባይሆንም አሠራሩ በኋላ ተሞልተው ለሚመለሱ የፔት ጠርሙሶችም ውሏል።

ስለ ገንዘቡ ለመረዳት እድርን ማሰብ ይበቃል። እድርተኛ በወር የተወሰነ ያዋጣል፤ ሞት በማን ቤት እንደሚገባ አስቀድሞ አይታወቅም፣ ሲገባ ግን ድንኳኑና ወጪው ከጋራ ይወጣል፣ ያላዋጣ ይቀጣል። በብዙ አገር የተቋቋመውም የጠርሙሶች እድር ነው ቢባል ብዙም ከእውነቱ አይርቅም። አምራቾች ገበያ ላይ ባወጡት ፕላስቲክ ክብደት ልክ መዋጮ ይከፍላሉ፤ የጋራ ድርጅቱም በዚያ ገንዘብ መሰብሰቡን፣ መለየቱንና ማጓጓዙን ይደግፋል። «የአምራች ኃላፊነት» የሚባለው የሕግ ሐሳብ መነሻው፣ እቃ ያወጣ ሰው የእቃውን መጨረሻም ይሸከም የሚል ነው። ከእድር የሚለየው ዋናው ነገር ሞቱ የታወቀ መሆኑ ነው፤ እያንዳንዱ ጠርሙስ ይጣላል።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የፔት አምራቾችና መጠጥ ሞዪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ፔትኮ የተባለ የጋራ ድርጅት በፈቃዳቸው አቋቁመው በሚገዙት ፔት ቶን ልክ ማዋጣት ጀመሩ። ገንዘቡ ከዋለባቸው ጉዳዮች አንዱ ገበያ ሲወድቅ ፈጪ ፋብሪካዎች ጠርሙስ መግዛት እንዳያቆሙ መደገፍ ነው፤ ከላይ ያየነውን የነዳጅ ዋጋ ቋጠሮ ለመፍታት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ግን መንግሥት መዋጮውን ለሁሉም ግዴታ አድርጎታል። በፈቃድ የተጀመረ እድር ውሎ አድሮ ሕግ የሚፈልገው፣ ሳያዋጡ የሚጠቀሙ ሁልጊዜ ስለማይጠፉ ነው።

ኖርዌይ ደግሞ የእኛኑ የጠርሙስ ማስያዣ ለፕላስቲክ አውላዋለች። እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው ሥርዓት ባለቤቶቹ የመጠጥ አምራቾችና ቸርቻሪዎች ናቸው። ገዥው ማስያዣ ይከፍላል፣ ባዶውን በሱቁ ባለ ማሽን ሲመልስ ገንዘቡን ይቀበላል። ብልሃቱ ያለው በግብሩ ነው። መንግሥት በጠርሙስ ላይ የአካባቢ ግብር ይጥላል፤ የሚመለሰው ጠርሙስ ሲበዛ ግብሩ ይቀንሳል፣ 95 በመቶ ሲደርስ ጨርሶ ይነሳል። የሚቆጠረውም የሁሉም አባላት ጠርሙስ አንድ ላይ ነው፤ ስለዚህ የጎረቤት ጠርሙስ አለመመለሱ ለእያንዳንዱ ድርጅት የራሱ ኪሳራ ይሆንበታል። ተፎካካሪን የሚያስታርቅ ከዚህ የተሻለ ሽማግሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ስለ ግዢው ብዙ የሚተረክ የለም፤ የረጅም ጊዜ ውል ማለት ነው። መጠጥ ሞዪው ለሚቀጥሉት ዓመታት ይህን ያህል የተመለሰ ፕላስቲክ በዚህ የዋጋ ቀመር እወስዳለሁ ብሎ ይፈርማል፤ ፈጪው ያንን ውል ይዞ ባንክ ይሄድና መሣሪያ ይገዛል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ውል በሕግ ደግፎታል፤ የፔት መጠጥ ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ቢያንስ 25 በመቶ፣ የፕላስቲክ መጠጥ ጠርሙሶች በጠቅላላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2030 30 በመቶ የተመለሰ ፕላስቲክ እንዲኖራቸው አዟል።

ተፎካካሪዎች ከተስማሙ ዋጋ አይቆልሉብንም?

ጥያቄው ተገቢ ነው። በአገራችንም የ2006ቱ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ተፎካካሪዎች በዋጋ እንዳይስማሙ ይከለክላል። የጠርሙስ ቀለም ለመወሰን በተሰበሰቡበት ጠረጴዛ ላይ የውሃውን መሸጫ ወይም ለቃሚው የሚከፈለውን የኪሎ ዋጋ መነጋገር ቢጀምሩ ትብብሩ ወደ ሤራ ይለወጣል።

ይህ ፍርሃት ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 15 ታላላቅ መኪና አምራቾችንና ማኅበራቸውን 458 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ቀጥቷል። ጥፋታቸው ከ15 ዓመታት በላይ አሮጌ መኪናን ፈትቶ መልሶ በመጠቀም ጉዳይ መመሳጠራቸው ነበር፤ መኪና ለሚፈቱት ድርጅቶች ላለመክፈል፣ እንዲሁም መኪናቸው ምን ያህሉ ተመልሶ ጥቅም ላይ እንደሚውልና በውስጡ ምን ያህል የተመለሰ ዕቃ እንዳለ በማስታወቂያ ላለመፎካከር ተስማምተው ነበር። በአካባቢ ጥበቃ ስም መሰብሰብ ብቻውን ንጹሕ አያደርግም ማለት ነው። በሚገባ የተሠራ የጋራ ድርጅት ከዚህ የሚጠበቀው የእያንዳንዱን አባል የሽያጭ ቁጥር ለገለልተኛ ወገን ብቻ በማሳየት፣ የሚያበረክተውን መዋጮ በግልጽ ቀመር በማስላትና ለአዲስ ገቢ በሩን ክፍት በማድረግ ነው።

በእኛ አገር ሕጉ ምን ይላል?

ሕጉ ከጠርሙሱ ይልቅ በፌስታሉ ላይ በርትቷል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ስስ የፕላስቲክ ከረጢት እንዳይመረትና እንዳይገባ ገድቦ ነበር፤ በአራዳ ገበያ የገዛ ሁሉ እንደሚመሰክረው ገደቡ ብዙም አልተሰማም። በ2017 የጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል ከልክሏል። የውሃ ጠርሙስ ግን አልተከለከለም፤ ስለዚህ የእሱ ጉዳይ የሚወሰነው በመከልከል ሳይሆን በማስመለስ ነው። ከውጭ ይመጣል የተባለው ዓለም አቀፍ የፕላስቲክ ስምምነትም በነሐሴ 2017 ጄኔቫ ላይ ሳይፈረም ተበትኗል፤ ከተከራከሩባቸው ጉዳዮች ዋነኛው የፕላስቲክ ምርት ራሱ ይገደብ ወይስ ቆሻሻው ብቻ ይታይ የሚለው ነበር።

ጎንደር ከዚህ ውስጥ የት አለች?

ጎንደር ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ትልልቆቹ ፈጪዎችና ገዥዎች ያሉት በአብዛኛው እዚያው አካባቢ ነው። ጠርሙስ ደግሞ ሲጓዝ የሚጓዘው አየር ነው። 20 ሜትር ኩብ የሚይዝ የጭነት ካሳ ያለው አይሱዙ ጤፍ ቢሆን 50 ኩንታል ይጭናል፤ ያልተጨመቀ ሃይላንድ ቢሞላ ግን ከአምስት ኩንታል ብዙም አያልፍም። የናፍጣውና የሾፌሩ ሒሳብ ያው ስለሆነ ለአንድ ኪሎ ጠርሙስ የሚወድቀው የመጓጓዣ ወጪ አሥር እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በመጭመቂያ ከታሰረ ያው መኪና 50 ኩንታል ገደማ ጭኖ ይሄዳል። በጎንደር የአንድ ሃይላንድ ዋጋ የሚቆረጠው ከፕላስቲኩ ይልቅ በዚህ ልዩነት ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የውሃና የለስላሳ አከፋፋዮች መኪና ሙሉ ጭኖ ወደ ጎንደር ይወጣል፤ የመስታወት ሳጥን የሌለበት ከሆነ ሲመለስ ካሳው ባዶ ነው። ባዶው ካሳ የታሰረ ጠርሙስ ይዞ ቢመለስ የመጓጓዣው ትልቁ ድርሻ አስቀድሞ ተከፍሏል። ነገር ግን የአንዱ ድርጅት መኪና የሌላውን ጠርሙስ ተሸክሞ እንዲወርድ ሒሳቡን የሚያወራርድ የጋራ መዝገብ ያስፈልገዋል፤ ጠርሙሱ ተደባልቋልና የራሴን ብቻ ለይቼ ልጫን ማለት አይቻልም።

ከቅዳሜ ገበያ አቅራቢያ ባለው በዚያ ግቢ መጭመቂያ የለም። ሁለት ወጣቶች ጠርሙሱን በእግራቸው እየረገጡ ማዳበሪያ ውስጥ ያጭቁታል፤ እንዲህ የተረገጠ ጠርሙስ ከላላው ይሻላል፣ ከታሰረው ግን በብዙ ይርቃል። አንዱን ማዳበሪያ ዘቅዝቀን ስናየው በላዩ ላይ የቀሩት ወረቀቶች የአምስት የውሃ ድርጅቶች ነበሩ። መጭመቂያ ቢገዛ ማን ይግዛው ብዬ ስጠይቅ የግቢው ባለቤት ማዳበሪያውን በእግሩ ገፋ አድርጎ «የአምስቱም ነው፤ አንዱ ቢገዛው የአራቱን ሊጨምቅ ነው» አለና መልሶ ማሰር ጀመረ።